ከዛፉ ሥር የሚተኛው ጎረቤት

ጨለማው ወርዷል፤ ዝናቡ አላባራም። ሳትሱኪ ታናሽ እህቷን ሜይን አዝላ፣ ጃንጥላዋን በትከሻዋ ደግፋ፣ መንደሩ ዳር ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ቆማለች። አባታቸው ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጃንጥላ ረስቷል፤ ልጆቹ ይዘውለት መጥተው እየጠበቁት ነው። አንድ አውቶቡስ መጥቶ አለፈ፤ አባት የለበትም። ሜይ እንቅልፍ ጥሏታል። ከጫካው በኩል የከባድ እርምጃ ድምፅ ይመጣል። ሳትሱኪ ከጃንጥላዋ ጠርዝ በታች የሚታያት እግር ብቻ ነው፤ ጥፍሩ የረዘመ፣ ጠጉራም፣ ትልቅ እግር። ቀስ ብላ ቀና ስትል አንድ ግዙፍ ግራጫ ፍጡር አጠገቧ ቆሟል። እርሱም እየጠበቀ ነው። ከዝናቡ የሚከልለው ነገር ቢኖር አናቱ ላይ ያስቀመጣት አንዲት ቅጠል ናት።

ልጅቷ አልጮኸችም፤ እግሬ አውጪኝም አላለችም። የአባቷን ጃንጥላ ዘርግታ ሰጠችው።

ፍጡሩ ጃንጥላ አይቶ አያውቅም። ከዛፍ የወረደች ጠብታ ጨርቁ ላይ ጠብ ስትል ደነገጠ፤ ሁለተኛዋ ስትደገም ደስ አለው። ተነሥቶ ዘለለና መሬቱን ሲመታው በዙሪያው ዛፎች ላይ የተጠራቀመው ውኃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዱብ አለ፤ እርሱም በደስታ አገሳ። ጥቂት ቆይቶ ድመትም አውቶቡስም የሆነ፣ ብዙ እግር ያለው ነገር ዓይኖቹን እያበራ ከጨለማው ወጣ። ግዙፉ ፍጡር በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለች ስጦታ ለልጆቹ ትቶ፣ ጃንጥላውን ግን ሳይመልስ፣ ተሳፍሮ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው ተራ አውቶቡስ አባትየውን አወረደው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተነገረው ቃል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ሁለት ጠባቂዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንድ የፊልም ተማሪ ይህን ጽፎ ቢያቀርብ መምህሩ «ታዲያ ምን ሆነ?» ብሎ ወረቀቱን የሚመልስለት ይመስለኛል። ሆኖም «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን ያየ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት ይህ ትዕይንት አይጠፋበትም።

ፊልሙ ጃፓን ውስጥ ለሕዝብ የታየው ኤፕሪል 16 ቀን 1988 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ 86 ደቂቃ ብቻ ነው። የጻፉትም ያዘጋጁትም ሃያኦ ሚያዛኪ ናቸው፤ የሠራው ድርጅት ከሦስት ዓመት በፊት የተቋቋመው ስቱዲዮ ጂብሊ ነው። ታሪኩ በ1950ዎቹ፣ ቴሌቪዥን ገና ገጠር ቤት ሳይገባ የሆነ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ፣ ዕቃውን በትንሽ የጭነት መኪና ጭኖ፣ ከቶኪዮ ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ይገባል። ቤቱ አርጅቷል። የበረንዳው ምሰሶ ሲነኩት ይወዛወዛል፤ ጣሪያው ሥር ዓይን ያወጣ ጥቀርሻ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ይርመሰመሳሉ። እናትየዋ አብራቸው የለችም። ከመንደሩ ራቅ ካለ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ቤተሰቡ ወደዚህ የመጣውም እርሷ ስትወጣ ንጹሕ አየር ያለበት ቤት እንዲቆያት ነው።

ከዚያ ወዲያ ታላቅ ጀብዱ የሚጠብቅ ተመልካች ብዙ ይጠብቃል። የአራት ዓመቷ ሜይ የባሉጥ ፍሬ እየለቀመች ሁለት ትንንሽ ፍጡሮችን ትከተላለች፤ በቁጥቋጦ ዋሻ ሾልካ፣ ከአንድ ግዙፍ የካምፎር ዛፍ ሥር ወድቃ፣ በጀርባው ተዘርግቶ የሚያንኮራፋ ትልቁን ቶቶሮን ታገኛለች። ሆዱ ላይ ወጥታ ትተኛለች። በቃ። አሜሪካዊው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ፊልሙን ከታላላቆቹ ተርታ ሲያስቀምጥ በመጀመሪያ የጠቀሰው የሌለበትን ነገር ነበር፤ ክፉ ሰው የለም፣ ጠብ የለም፣ የሚያስፈራ ጭራቅ የለም።

እኛ ባደግንበት ተረት ከጫካ የሚወጣ ነገር ሁሉ ሥራ አለው። ጭራቅ ከሆነ ልጅ ሊበላ ነው፤ ጅብ ከሆነ ሊታለል፣ ጦጣ ከሆነች ልታታልል ነው። የሆሊውድም ልማድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1982 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» የዚህ ዓይነት ፊልሞች ሁሉ ዋቢ ነው፤ እዚያ ፍጡሩ አገሩ መመለስ አለበት፣ የመንግሥት ሰዎች ያሳድዱታል፣ ልጁ ደብቆ ያተርፈዋል። ሰዓት ይቆጥራል፤ ልብ ይሰቀላል። ቶቶሮ ግን የትም መመለስ የለበትም፤ የኖረው እዚያው ነው። ማንም አያሳድደውም። ሰው የሚገባው አንድ ቃል አይናገርም። የልጆቹ እናት መታመሟን ማወቁ ራሱ ያጠራጥራል። አይመክርም፣ አያድንም፣ አያስፈራራም። እንቅልፍ ይወዳል፤ ሲቀሰቅሱት ያዛጋል።

የሚገርመኝ ደግሞ የአዋቂዎቹ ነገር ነው። ሜይ ያየችውን ስትናገር ሳትሱኪና አባቷ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ዋሻውን መልሳ ስታጣው የሕፃኗ ዓይን በእልህ እንባ ይሞላል። አባትየው ወዲያው ነገሩን ይገነዘበዋል። «ሕልም አይተሻል» አይላትም። ያገኘሽው የጫካው ባለቤት ሳይሆን አይቀርም፣ እርሱ ሁልጊዜ አይገኝም ይላትና ሁለቱንም ይዞ ወደ ዛፉ ይሄዳል። ከዛፉ ፊት ቆሞ፣ ልጄን ስለጠበቅህልኝ አመሰግናለሁ ብሎ እጅ ይነሣል። ዛፉ በገለባ ገመድ ታጥሯል፤ በሺንቶ እምነት ያ ገመድ የተቀደሰ ነገር ምልክት ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያሻውም። ዋርካ ወይም ሾላ ሥር ቅቤ ሲቀባ፣ ቡና ሲፈላ፣ «አድባሯ ትጠብቅህ» ሲባል የሰማ ሰው አባትየው የሚያደርገውን ያውቀዋል። የጎጃምንና የደቡብ ጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ከብበው የቀሩትን ደኖች ያየም እንዲሁ፤ በዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ ዛፉ የተረፈው ባለቤት አለው ስለተባለ ነው። ሚያዛኪ ግን ይህን እንደ ሃይማኖት ትምህርት አያቀርቡትም። አባትየው የአርኪዮሎጂ ሰው ነው፤ ክፍሉ በመጽሐፍ ተሞልቷል። እጅ የነሣው ሳይንስ ጠፍቶበት ሳይሆን ልጁን እንዳያሳፍራት ብሎ ይመስለኛል። ወይም ሁለቱንም።

የፊልሙ ሥር ያለው ሚያዛኪ ልጅነት ውስጥ ነው። በ1941 ቶኪዮ ተወለዱ። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው በአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ተያዙ፤ ሕመሙ እስከ 1955 ድረስ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ኋላም ቤት ውስጥ አልጋ ላይ አቆያቸው። አራቱም ልጆቻቸው ወንዶች ናቸው። ነቀርሳ በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ ተራ ሕመም አልነበረም፤ እስከ 1950 ድረስ የአገሪቱ ቀዳሚ ገዳይ እርሱ ነበር። የሚያዛኪ እናት ድነው እስከ 1983 ኖረዋል፤ ፊልሙን ግን አላዩትም። ሚያዛኪ ኋላ እንደተናገሩት ዋና ገጸ ባሕርያቱን ወንዶች ቢያደርጓቸው ኖሮ ሥራው ለእርሳቸው እጅግ ያምማቸው ነበር።

ፊልሙ የእናትየዋን ሕመም ስም አይጠራም። ሆስፒታሉን ግን አካባቢውን የሚያውቅ ጃፓናዊ ይለየዋል። በቶኪዮና በሳይታማ ድንበር ሃቺኮኩያማ የተባለ ኮረብታ አለ፤ ከግርጌው የነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙበት ማረፊያ ነበር። ፊልሙ በስሙ ውስጥ ያለውን ቁጥር በአንድ ዝቅ አድርጎ ሺቺኮኩያማ ይለዋል።

የአውቶቡሱ ትዕይንት ዝና ሌላውን ሸፈነው እንጂ፣ ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ቦታ ወደ መጨረሻ ያለው ነው። ሳትሱኪ የቤቱ ሁለተኛ እናት ናት። ማልዳ ተነሥታ የሁሉንም ምሳ ትቋጥራለች፤ የሜይን ጠጉር ትሠራለች፤ አባቷ አርፍዶ ሲነሣ አትቆጣም። ልጅነቷ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ ከሆስፒታል ቴሌግራም ይመጣል። እናትየዋ ለቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት ልትመጣ የነበረው ቀርቷል፤ ትንሽ ጉንፋን ይዟታል ይባላል። ሜይ ታለቅሳለች፤ ሳትሱኪ ትቆጣታለች። ከዚያ በኋላ፣ በአሮጊቷ ጎረቤት ፊት፣ ያቺ ጠንካራ ልጅ ትፈርሳለች። መጀመሪያም እንዲሁ ጥቂት ቀን ብቻ ነው ተብሎ እንደነበር ታስታውሳለች። እማዬ ብትሞትስ? ብላ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች። ሜይ ይህን ቆማ ታያለች። ለአንድ ታናሽ፣ ታላቅ እኅት ስታለቅስ ከማየት የከፋ ምን ዜና አለ?

ሜይ የራሷን መፍትሔ ታወጣለች። አሮጊቷ «የእኔን ጓሮ አትክልት የበላ በሽተኛ ይድናል» ብለዋት ነበር፤ ልጅቷ የቆረጠችውን የበቆሎ እሸት ታቅፋ ብቻዋን ወደ ሆስፒታሉ ትነሣለች። መንገዱ ለአዋቂ እግር እንኳ ሦስት ሰዓት ነው።

መንደሩ ይወጣል። አራሹ እርሻውን ትቶ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው መንገደኛ ቆሞ፣ ካንታ የተባለው ዓይን አፋር የጎረቤት ልጅ በብስክሌት ሮጦ ይፈልጋታል። ኩሬ ውስጥ አንዲት የልጅ ጫማ ትገኛለች። ሰዎች በረጅም ዘንግ ውኃውን ይፈትሻሉ፤ አሮጊቷ ጫማዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጸልያሉ። ሳትሱኪ ሮጣ ትደርስና ታያታለች፤ የሜይ አይደለችም። ሰው ሁሉ ይተነፍሳል። ሚያዛኪ ሕፃናት በሚያዩት ፊልም ውስጥ ሞትን እስከ ኩሬው አፍ አቅርበውት ይመለሳሉ።

ቶቶሮ የሚገባው ያኔ ነው፤ የሚያደርገውም ነገር ትንሽ ነው። ድመት አውቶቡሱን ይጠራል። አውቶቡሱ ሳትሱኪን ጭኖ በማሳውና በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ እየከነፈ፣ ከድንጋይ የጂዞ ምስሎች ሥር ተቀምጣ የምታለቅሰውን ሜይን ያገኛታል፤ ከዚያ ሁለቱንም ወደ ሆስፒታሉ ያደርሳል። ጂዞ በጃፓን የሕፃናትና የመንገደኞች ጠባቂ ነው፤ ሜይ እዚያ መቀመጧ እንዲያው የሆነ አይደለም። ልጆቹ ግን ወደ ሕክምና ክፍሉ አይገቡም። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለ የጥድ ዛፍ ላይ ሆነው እናታቸው ከአባታቸው ጋር ስታወራ፣ ስትስቅም ያያሉ። በቆሎው መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። እናት ሕመሟ እንዳለ ነው። ወደ ቤት ስትመለስ የምናያት የሠራተኞቹ ስም በሚወርድበት ሰዓት፣ በጥቂት የቆሙ ሥዕሎች ብቻ ነው፤ ቸኩሎ የተነሣ ተመልካች ያመልጠዋል።

ይህን ፊልም ለማሠራት ሚያዛኪ ዓመታት ለምነዋል። ሐሳቡ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በንድፍ ደብተራቸው ነበር፤ ገንዘብ ያለው ሰው ግን አልወደደውም። እስከዚያ ድረስ ስማቸውን ያስጠሩት በ1984 የወጣው «ናውሲካ» እና በ1986 የወጣው «ላፑታ» ነበሩ፤ በሰማይ የሚበር መርከብ፣ ጦርነት፣ የጠፋ ሥልጣኔ። አሁን ደግሞ ሁለት ልጆች፣ አንድ መንደር፣ አንድ እንቅልፋም ፍጡር። ስቱዲዮውን የሚደግፈው ቶኩማ ሾተን የተባለው አሳታሚ ይህን ማን ያየዋል አለ።

መላውን የዘየዱት ያኔ የመጽሔት አዘጋጅ የነበሩት፣ ኋላ የጂብሊ ፕሮዲዩሰር የሆኑት ቶሺዮ ሱዙኪ ናቸው። የሚያዛኪ የረጅም ዘመን ባልደረባ ኢሳኦ ታካሃታ የደራሲ አኪዩኪ ኖሳካን «የእሳት ዝንቦች መቃብር» ወደ ፊልም ሊለውጡ አስበው ነበር፤ የመጽሐፉ አሳታሚ ሺንቾሻ ደግሞ ከፊልሙ ዓለም መግባት ፈልጓል። ሁለት አሳታሚ፣ ሁለት ፊልም፣ አንድ ትኬት። በወረቀት ሲያዩት አንዱ ጭራቅ፣ ሌላው መቃብር ነበር። እንዲህም ሆኖ አለፈ።

አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ሁለት ሙሉ ፊልም በአንድ ጊዜ ሠራ፤ ባለሙያዎቹን የመሻማት ነገርም ነበረ። ሁለቱም ዳይሬክተሮች ዮሺፉሚ ኮንዶ የተባሉትን ሥዕል አዋቂ ፈለጉ፤ ኮንዶ ወደ ታካሃታ ሄዱ። ሌላም ነገር ተለወጠ። በመጀመሪያው ሐሳብ ልጅቷ አንድ ብቻ ነበረች። ፊልሙ ሲረዝም ለሁለት ተከፈለች፤ ታላቋ ኃላፊነቱን፣ ታናሿ ድፍረቱን ወሰደች። ማስታወቂያው ላይ ግን የድሮዋ ልጅ እስከ ዛሬ አለች። ከቶቶሮ ጎን ቆማ ጃንጥላ የያዘችው ሳትሱኪም ሜይም አይደለችም፤ የሁለቱ ድብልቅ ናት። ፖስተሩን በየቤቱ የሰቀለ ስንቱ ልብ እንዳላለው!

በዚያ የጸደይ ወቅት ሲኒማ የገቡ የጃፓን ቤተሰቦች ምን እንደገጠማቸው መገመት አያስቸግርም። የታካሃታ ፊልም በ1945 ኮቤ በቦምብ ከተቃጠለች በኋላ ስለሚራቡ ወንድምና እኅት ነው፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ቅደም ተከተሉ ከሲኒማ ቤት ሲኒማ ቤት ይለያይ ነበር። ቶቶሮን አይቶ እየሳቀ የተቀመጠ ልጅ ቀጥሎ ያን ካየ ወላጆቹ ወደ ቤት ሲመለሱ ምን እንዳሉት እንጃ።

ነገር ግን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ያስቀመጠው የገንዘብ ነገር ቢሆንም፣ ተለያይተው ሲታዩ የማይታይ አንድ ነገር አብረው ሲታዩ ይገለጣል። በሁለቱም ውስጥ አንድ ታላቅና አንዲት ትንሽ እኅት አሉ። በሁለቱም እናት ከልጆቿ ተለይታለች። በሁለቱም ታላቁ ልጅ ከዕድሜው በላይ ይሸከማል። በኮቤው ታሪክ ልጆቹ ከዘመድ ቤት ወጥተው ብቻቸውን ሲቀሩ የሚፈልጋቸው የለም፤ ገበሬው አይሰጣቸውም፣ ሐኪሙ ምግብ ያስፈልጋታል ብሎ ምግብ ሳይሰጥ ይሸኛቸዋል። በቶቶሮው ታሪክ ግን አንዲት ሕፃን ለጥቂት ሰዓት ስትጠፋ አገር ይንቀሳቀሳል። ቶቶሮን ከፊልሙ ብናወጣው እንኳ ሜይን ፍለጋ የወጣው መንደር ይቀራል፤ መንደሩን ብናወጣው ግን ቶቶሮ ብቻውን አይበቃም። የፊልሙ ስም «ጎረቤቴ» ማለቱ ለአንዱ ጠጉራም ብቻ አይደለም። አሮጊቷም፣ ካንታም፣ ያ ሞተረኛም ጎረቤት ናቸው።

ይህን ሁሉ እንድናምን ያደረገን አፈሩ ነው። የሥዕል ዳይሬክተሩ ካዙኦ ኦጋ ከሰሜን፣ ከአኪታ የመጡ ሰው ናቸው፤ ለጂብሊ የመጀመሪያ ሥራቸው ይህ ነበር። የቶኪዮ ዙሪያ የካንቶ ሜዳ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ቀይ ቡናማ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ የጓሮው መንገድ፣ የእርሻው ቦይ፣ የተቆፈረው መደብ ሁሉ ያ ቀለም አለው። ሣሩ «አረንጓዴ» ብቻ ተብሎ አልታለፈም፤ የዚያ ወር፣ የዚያ ሰዓት አረንጓዴ ነው። ከወንዙ ግርጌ የተጣለ ጠርሙስ ይታያል። ባዶ ባልዲ ቀዳዳ አለው፤ ሜይ በቀዳዳው አጮልቃ ታያለች። የቶቶሮን ሆድ ያመንነው አስቀድመን ባልዲውን ስላመንን ነው።

እንቅስቃሴውም እንደዚያው። የአራት ዓመት ልጅ ስትጎነበስ ጉልበቷን አታጥፍም፤ ወገቧ ላይ ታጥፋ ጭንቅላቷን ወደ መሬት ታወርዳለች። ደረጃ በእጅም በእግርም ትወጣለች። በዘመኑ አኒሜሽን ማለት ሥዕሉን በወረቀት ነድፎ፣ በብርሃን አስተላላፊ ስስ ፕላስቲክ ላይ ቀለም ቀብቶ፣ አንድ በአንድ ፎቶ ማንሣት ነበር፤ አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፎቶ ይፈልጋል። በዚያ ሥርዓት ከባዱ ነገር አንዲት ልጅ ጫማዋን ስታወልቅ ማሳየት ነው፤ ጫማ አወላለቅን ሁሉም ሰው ስለሚያውቅ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። የጆ ሂሳይሺ ሙዚቃም የት ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል።

ፊልሙ ሲወጣ ሲኒማ ቤቶችን አላጥለቀለቀም። ያነሣው ቴሌቪዥን ነው፤ በ1989 ከተላለፈ በኋላ በየጊዜው እየተደገመ፣ ጃፓናዊ ልጅ ሳያየው የማያድግ ፊልም ሆነ። የቶቶሮ አሻንጉሊት ዘግይቶ ገበያ ወጣና ስቱዲዮውን ከገንዘብ ጭንቀት አሳረፈው። ዛሬ የጂብሊ ዓርማ ላይ ያለው የቶቶሮ ምስል ነው። ዝነኛው የፊልም ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ከሚወዷቸው 100 ፊልሞች አንዱ አድርገው መረጡት። በሰማይ ላይ 10160 ቁጥር የተሰጠው አስትሮይድ፣ ቬትናም ውስጥ የተገኘ ባለ ብዙ እግር የትል ዝርያ ሳይቀሩ በስሙ ተጠርተዋል፤ የትሉ ስም በ2013 የወጣው ድመት አውቶቡሱን ስለመሰለ ነው። በ2022 የብሪታንያው ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ በለንደን ባርቢካን ወደ መድረክ አመጣው፤ ግዙፉን አሻንጉሊት የነደፉት ቤዝል ትዊስት ናቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ስድስት የኦሊቪየር ሽልማት ወሰደ።

ዝና ሐሜትም ያመጣል። በ2000ዎቹ አንድ ወሬ ተዛመተ፦ ቶቶሮ የሞት አምላክ ነው፣ ልጆቹ ሞተዋል፣ ለማረጋገጫም መጨረሻ ላይ ጥላ የላቸውም። ስቱዲዮው በ2007 ሐሰት ነው ብሎ መግለጫ አወጣ፤ ጥላው የቀረው ለሥዕሉ አያስፈልግም ስለተባለ ብቻ ነበር። ወሬው ግን አልሞተም። ለምን እንደማይሞት ይገባኛል። ምንም ክፉ ነገር የማይሆንበት ታሪክ አዋቂን ያስጨንቃል፤ የተደበቀ ሬሳ ካላገኘ አያርፍም። ልጆች ይህን ወሬ አልፈጠሩትም።

ሚያዛኪ የሚኖሩት ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ፣ ሳይታማ ግዛት ቶኮሮዛዋ ውስጥ ነው። ለፊልሙ መልክ የሰጡት ከዚያ አጠገብ ያሉት የሳያማ ኮረብታዎች ናቸው፤ 3,500 ሄክታር ያህል ስፋት ያላቸው፣ መካከላቸው የቶኪዮ የውኃ ማጠራቀሚያ ሐይቆች ያሉባቸው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ጫካው በየአቅጣጫው ለቤት መሥሪያ መቆራረስ ጀመረ። በ1990 የአካባቢው ሰዎች የቶቶሮን ስም ከሚያዛኪ አስፈቅደው ገንዘብ ማሰባሰቢያ አቋቋሙ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ከሕዝብ መዋጮ እየሰበሰቡ መሬቱን ራሱን መግዛት። የመጀመሪያውን ቁራሽ በ1991 ገዙና «የቶቶሮ ደን ቁጥር 1» አሉት። ዛሬ ቁጥሩ ከ50 አልፏል። አንዳንዱ ቁራሽ ከአንድ ግቢ ብዙም አይሰፋም፤ ተጠጋግተው ሲደመሩ ግን ቡልዶዘር ማለፊያ ያጣል።

ይህን ደን ገዝቶ አጥሮ መተው አይበቃም። የሳያማ ጫካ ድንግል አይደለም፤ ጃፓኖች ሳቶያማ የሚሉት፣ ገበሬው ለዘመናት የኖረበት ጫካ ነው። የባሉጥ ዛፎቹ በየ15 እና 20 ዓመቱ ለማገዶና ለከሰል ይቆረጡ ነበር፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣሉ። የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ ለማሳ ብስባሽ ይሆናል፤ መሬቱ ብርሃን ያገኛል፤ አበባና ነፍሳት ይበዛሉ። ቶቶሮዎቹ የሚለቅሙት ፍሬ የመጣው ከዚህ ዓይነት ጫካ ነው። ጋዝና የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲመጡ ገበሬው ጫካውን አያስፈልገኝም አለ፤ ዛፎቹ አረጁ፣ የቀርከሃ ቁጥቋጦው ወረራቸው፣ ከሥራቸው ያለው ምድር ጨለመ።

ስለዚህ የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ከመዋጮ ሰብሳቢነት ያለፈ ሥራ አላቸው። ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፣ የተጣለ ቆሻሻ ያወጣሉ፣ ቅጠል ይጠርጋሉ፤ ያረጁትንም ዛፎች ከጉቶ እንዲያቆጠቁጡ መጋዝ ይዘው ይቆርጣሉ። ቶኮሮዛዋ ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ የገበሬ ቤትም በእጃቸው አለ፤ የኩሮሱኬ ቤት ይሉታል፤ በፊልሙ ውስጥ ከጣሪያ ሥር በሚርመሰመሱት በእነዚያ ጥቀርሻዎች ስም። ጎብኚ ሲመጣ ያስገቡታል፤ ከውስጡ አንድ ትልቅ ቶቶሮ ተቀምጧል፣ ልጆች ሆዱን ይነካሉ፤ ወላጆች ደግሞ በመውጫው በር ላይ ለሚቀጥለው ቁራሽ መሬት መዋጮ ይጠየቃሉ።